በችግር የተጀመረ ትዳር ፍቅር ይባላል ወይ?

ንባብ፦ መጽሐፈ ሩት ከምዕራፍ 1 እስከ 4

ክርስቲያን የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ራሱ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሆነ የትዳር ታሪክ በ4 ምዕራፍ፣ በ85 ቁጥር አስፍሮልናል እኮ! ይልቅ እዚህ ካምፕ ለምንኖረው ቅርብ የሆነ ጥያቄ አለ፤ ሰው ችግር ገፍቶት ቢያገባ፣ ያ ፍቅር ይባላል?

ካናዳዊቷ ደራሲ ጃኔት ኦክ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» የተባለ መንፈሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ አለ። ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል እንደማለት ነው። ማርቲ የምትባል ወጣት ነፍሰ ጡር ወደ አሜሪካ ምዕራብ በሠረገላ ስትጓዝ ባሏ ይሞትባታል። በቀብሩ ዕለት ክላርክ የተባለ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ መጥቶ እንጋባ ይላታል። ያመጣው ፍቅር አይደለም፤ እናት የሌላት ትንሽ ልጅ አለችው። እሷም መጠጊያ የላትም፣ ክረምቱ ደርሷል። ተጋቡ። እሱ ግን ከቤቱ ጋር በተቀጠለች ትንሽ ክፍል ለብቻው ያድራል። ደግሞም በጸደይ ወደ ምሥራቅ የሚመለስ ጉዞ ሲነሳ፣ መሄድ ከፈለገች የመንገዷን እንደሚከፍል ነግሯታል።

እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች አንድ ነገር ያበዛሉ። የትንሽ ከተማው ሰው ሁሉ ደግ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ወሬ ከምግብ ይቀድማል። ቤተ ልሔምም ከዚህ አልወጣችም። ኑኃሚን በረሀብ ተሰዳ፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ስትመለስ፣ ከተማው ሁሉ ስለ እሷ አወራ፤ ይህች ኑኃሚን ናት እንዴ ተባለ (1፥19)። ያን ቀን እንጀራ ያቀረበላት ሰው አልተጻፈም። ሩት የባዕድ አገር ሰው ሆና ቃርሚያ ለመልቀም ወጣች። ቃርሚያው ደግሞ ለድሃና ለስደተኛ እንዲተው በሕግ የታዘዘ ነበር (ዘሌ. 19፥9-10)። ቢሆንም ቦዔዝ ጎበዛዝቱ እንዳይነኳት ማዘዝ አስፈልጎታል (2፥9)። ብቻዋን ለሆነች ሴት እርሻው አደገኛ ነበር ማለት ነው። ማታ ከማገዶ ለቀማ ወይም ከውኃ ወረፋ የምትመለስ እህታችን ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም።

እና ሩት ወደ አውድማው የሄደችው ለምንድነው? ችግር ስላለባት ነው፤ ታሪኩ ይህን አልሸፈነውም። ኑኃሚን የላከቻት ማረፊያ እንድታገኝላት ብላ ነው (3፥1)። ሩትም ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ የቅርብ ዘመዳችን ነህና ከልብስህ በታች አስጠልለኝ አለችው። መጽሐፈ ሩትን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ፣ ቦዔዝ ሩትን ወደዳት የሚል ቃል አታገኙም፤ ሩትም ቦዔዝን ወደደችው አይልም። መውደድ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ እሱም ምራት አማቷን እንደምትወድ የጎረቤት ሴቶች ሲመሰክሩ ነው (4፥15)።

ታዲያ ፍቅር የለም ልንል ነው? እኔ እንደዚያ አላነበውም። ቦዔዝ ሀብታም ነው፣ የአገሩ ሰው ነው፣ ጊዜው ሌሊት ነው፣ ያየ ማንም የለም። እሷ ደግሞ ለእንጀራ እሱ ላይ የተደገፈች ስደተኛ። ያሻውን ማድረግ ይችል ነበር። ያደረገው ግን፣ ከእኔ የሚቀርብ ዘመድ አለ፣ መብቱ የሱ ነው ብሎ ነገራት። ስሟ እንዳይነሳ ሳይነጋ ሸኛት፣ በባዶ እጇም አልሰደዳትም፤ ስድስት መስፈሪያ ገብስ አሸከማት። ጠዋት በከተማይቱ በር ተቀምጦ አሥር ሽማግሌዎች ጠራ። ጉዳዩ በቀን፣ በምስክር ፊት አለቀ። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ክላርክም የመመለሻውን መንገድ ክፍት የተወላት በዚህ ዓይነት ይመስለኛል፤ እንቢ ማለት የምትችል ሴት ብቻ ናት እሺ ማለት የምትችለው።

ስለዚህ ችግር ኖሮ መጋባቱ ብቻውን ትዳሩን ሐሰት አያደርገውም ባይ ነኝ። ማን ነው ያለ ችግር የሚያገባው? ብቸኝነትም ችግር ነው። ሐሰት የሚሆነው፣ አንዱ የሌላውን ችግር እንደ ገመድ ሲይዘው ነው። ኬዜ ላይ አስገባሻለሁ፣ ግን ለማንም እንዳትናገሪ የሚል ሰው ሌሊቱን እንጂ በሩን አልፈለገም። ትዳር ሳይኖር ለፕሮሰስ ብቻ ተጋብተናል ብሎ መፈረም ደግሞ ውሸት ነው፤ ስሙን ማለሳለስ አያስፈልግም።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልሽ ከሆነ፣ እንቢ ብል ምን ታደርጋለህ ብለሽ ጠይቂው። ሲመልስልሽ ፊቱን እዪ። ከዚያ ለሽማግሌዎች እንንገር በዪው። እናንተም አባቶች፣ ልጅቱ ስትመጣ መጀመሪያ ዘመዷ ማነው፣ ከየት ብሔር ናት አትበሉ። ሩት ሞዓባዊት ነበረች፤ አሥሩም ሽማግሌዎች ያንን እያወቁ ተቀመጡ።