ክፉ መስተንግዶ የገጠመው እንግዳ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላሙና እዝነቱ በነቢያችን ላይ ይውረድ።

አማኞች ሆይ፤ ነጋዴ ከመንገድ ደክሞ ሆቴል በገባ ጊዜ አሳላፊው ፊቱን አጥቁሮ ክፉ ቃል ቢመልስለት ምን ማድረግ ይገባዋል? ሱረቱል ከህፍ ከ77ኛው አንቀጽ ጀምሮ የሚተርከውን እናስተውል። ነቢዩ ሙሳና ኸድር ዐለይሂመ ሰላም ወደ አንዲት ከተማ ገብተው ምግብ ቢጠይቁ፥ ሰዎቹ አናስተናግድም አሉ። ኸድር ግን ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አግኝተው ያለ ዋጋ አቀኑት። ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ተቀብሮ ነበርና፥ የከተማው ሰዎች ንፍገት ይህን ሀብት ከመጠበቅ አላገዳቸውም።

እንግዲህ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፤ የሚያስቀይምህም አሳላፊ በደመወዙ የሚያድሩ ልጆች ይኖሩት ይሆናል፤ በቁጣህ እንጀራቸውን አትዝጋባቸው። የከፈልከው ለአልጋውና ለምግቡ ነው እንጂ የሰውን ክብር አልገዛህበትም። ነገር ግን ትዕግሥት መብትን መተው አይደለም፤ ሒሳብ ቢበዛብህ ወይም የያዝከው ክፍል ለሌላ ቢሰጥብህ፥ በሰው ፊት ሳትጮኽ ለባለቤቱ ለብቻው አስረዳ። ስትወጣም ለአሳላፊው ሰላምታ አትንፈገው።

አላህ ምላሳችንን ከክፉ ቃል ይጠብቅልን። አሚን።