የሰው ተስፋ የተጫነበት ልጅ

መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ቅር የሚለው ሰው ቅሬታውን ብዙ ጊዜ በደራሲው ያሳብባል። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በማኬሬሬ ተማሪ ሳለ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው «ልጄ ሆይ፣ አታልቅስ» ለዚህ ዓይነቱ ቅሬታ የተጋለጠ ልቦለድ ነው።

ባለታሪኩ ንጆሮጌ ትምህርት ቤት የሚገባው የቤተሰቡን ሁሉ ተስፋ ተሸክሞ ነው። መሬቱን ያጣው አባቱ፣ እናቶቹና ወንድሞቹ ከልጁ ደብተር መዳንን ይጠብቃሉ። የቅኝ ገዢው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዘመን ግን አባቱ ይሞታል፤ ወንድሞቹ ይታሰራሉ፤ ትምህርቱም ይቋረጣል። የሚወዳትን ሙዊሃኪን «ወደ ኡጋንዳ እንኮብልል» ቢላት፣ እናቷን ጥላ እንደማትሄድ ትነግረዋለች። በመጨረሻ ሕይወቱን ሊያጠፋ ወደ ጨለማ ሲወጣ እናቱ ፈልጋ ታገኘዋለች። ወደ ቤት ሮጦ ለሁለቱ እናቶቹ በር ይከፍታል። ታሪኩም በዚሁ ያበቃል።

ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። ደራሲው የልጁን ጭንቀት በዝግታ ሲገነባ ቆይቶ፣ ውድቀቱንም መመለሱንም በጥቂት ገጾች ያጣድፈዋል። አንባቢን ይበልጥ የሚያስከፋው ግን የተማረ ልጅ ቤተሰቡን ያድናል የሚለው ቃል ሳይፈጸም መቅረቱ ነው። ይህን ቃል የገቡት ደግሞ ታላላቆቹ ናቸው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በዛብህን የሚያስጨንቀው ወላጆቹ ነፍስ ሳያውቅ የተሳሉት ስለት ነው። አንዱን ስለት፣ ሌላውን ደብተር ከበደው፤ ሸክሙን ግን ሁለቱም አልመረጡትም።

እንግዲህ ወላጅ የራሱን ያልተፈጸመ ተስፋ በልጁ ትከሻ ላይ መጫን ይገባዋልን? ልጅን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ለቤት ሁሉ ዋስ አድርጎ ማቆም ሌላ ነው። እንዲህ ዋስ የሆነ ልጅ ፈተና ሲወድቅ ቤቱን ያፈረሰ ይመስለዋል።

ከሄሉ ሆኖ ድንበሩን ለሚያይ የሞያሌ ወጣት፣ የንጆሮጌ የኡጋንዳ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም። ኬላውን ቢሻገር ጭንቀቱ ወዲህ የሚቀር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቤት የተጫነ ሸክም ቤት ካልተራገፈ ኬላም አብሮ ይሻገራል።

ንጆሮጌ የከፈተው በር አገር አያድንም። እናቶቹም በዚያች ሌሊት ከእርሱ የሚሹት በሕይወት መመለሱን ብቻ ነበር። ይህን ቀደም ብሎ የነገረው ሰው ቢኖር፣ ምናልባት ወደ ጨለማው ባልወጣ ነበር።