የሐኪም ግዴታ አልጋው ዘንድ ያበቃልን?

አንዲት ልጅ ሰውነቷ ሳይጠና ተዳረች እንበል። ምጡ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ጽንሱ ሞተ፤ እሷም ፊስቱላ ይዟት ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት። ከብዙ እንግልት በኋላ ሆስፒታል ደረሰች። ሬዚደንቱ ከአስተማሪው ጋር ሆኖ ቀዳዳውን ሰፋላት። እሰየው! በሳምንቱ ግን ሌላዋ መጣች። ታዲያ ይህ ሐኪም ሥራውን ጨርሷል እንላለን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንዱን በ18፣ ሴቷን በ15 ዓመት ማግባት ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ሦስት ዓመት ወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ ላልጠነከረ የዳሌ አጥንት ግን ብዙ ነው። ሕግ ወጣ ማለትም ድግሱ ቀረ ማለት አይደለም። ይህን ከሚያክም ሰው ይበልጥ ማን ያውቃል? ስለዚህ ሬዚደንቶች ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅና በምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት እንዴት እንደሚነገር ይማሩ የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን።

«ሐኪምን ከፖለቲካ ምን አገናኘው? መርፌውን ይያዝ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ክርክራቸው እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ነጭ ጋውን ሥልጣን ነው፤ ያንን ለብሶ የማያውቀውን የሚናገር ሰው ዝም ካለው ይከፋል። ደግሞስ በሴቶቹ ስም እንዲናገር ማን ውክልና ሰጠው?

መልሳችን ይህ ነው፦ ሐኪም ምስክር ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን። ያየውን ይናገር፤ ያላየውን ይተው፤ የታካሚዋንም ምስጢር የክርክር ማሞቂያ አያድርግ።

ምስክርነት ደግሞ ከማመን ይጀምራል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ሲወድቅ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የተፀነሰውንም ጨመረ፤ አንቀጽ 552 ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉ አምኗታል። ወረፋ ጠብቃ ስትገባ «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ከላይ እስከ ታች የሚያያት ሬዚደንት ግን አላመናትም። እሱው ነገ ምክር ቤት ሄዶ «ሴቶችን ስሙ» ቢል፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው ነገሩ።

እንግዲህ ትምህርቱ ከራውንድ ይጀምር። አልጋውን ከበን ስለ እሷ ስንነጋገር እሷን የሚጠይቃት ስንቱ ነው? መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ መመዝገብ፣ ከዚያ እሷም ፈቅዳ አብራን እንድትናገር መንገድ መክፈት። ይህን ያልተማረ ሐኪም አንደበቱ ቢሰላም የሚያሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

ተሳስታችኋል የምትሉ ካላችሁ ጻፉልን፤ እንከራከር።