የዕለት ምስክር

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጻፍን ትርፍ በሙሉ ለወራሽ አሳልፎ ይሰጠዋል። ጸሐፊው ራሱስ? ማንም ሊያነበው ላልታሰበ፣ ለማይታተምና ለማይሸጥ ጽሑፍ በየማታው ሩብ ሰዓት የሚሰጥ ሰው ገና በሕይወት ሳለ የሚያገኘው ምንድን ነው? ይህ ሐተታ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

አገራችን የጽሑፍ ድኃ አይደለችም። የነገሥታቱን ውሎና ዘመቻ እየተከተሉ የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ዜና መዋዕሎቻቸው ዛሬም የታሪክ ምንጭ ናቸው። ኋላም ትላልቅ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ በራሳቸው ብዕር ጽፈዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያሰናዱት በጠላት ወረራ ዘመን፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክ ደግሞ ለአንባቢ የበቃው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በተራው ሰው ቤትም ቢሆን በዳዊቱ ወይም በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ልጅ የተወለደበት ቀን፣ ክርስትና የተነሣበት ዕለት፣ አንዳንዴም የብድር ገንዘብ ይጻፍ ነበር።

ዜና መዋዕሉ ስለ ንጉሥ፣ የሕይወት ታሪኩ ለትውልድ፣ የዳዊቱ ጀርባ ለቤተሰብ የተጻፈ ነው። ሰው ስለ ራሱ፣ ለራሱ፣ በዕለቱ የሚጽፈው አራተኛው ዓይነት ጽሑፍ ግን በእኛ ዘንድ ቦታው ጠባብ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገመናን መሸፈን፣ የሆድን በሆድ መያዝ ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። የከበደው ሰው ለንስሐ አባቱ ወይም ለልብ ወዳጁ ይነግራል፤ ካልሆነም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። በዚያ ላይ ወረቀት ሰውን ያስበላበት ዘመን አልፎብናል። በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ መጽሐፉንና ደብተሩን ያቃጠለው፣ ጓሮ የቀበረው ብዙ ነው። ያንን ያየ ወላጅ ልጁን «ጻፍ» ሳይሆን «አደራ፣ እንዳትጽፍ» ቢል አይፈረድበትም።

እንዲያም ሆኖ የዕለት ማስታወሻን ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ የሚለየው ነገር ሰዓቱ ነው። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጸሐፊው ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደከዳ፣ የትኛው ውሳኔ እንደቀና አውቆ ነው ብዕር የሚያነሣው። የዕለት ማስታወሻ ግን ነገን ሳያውቅ ይጻፋል። ትዝታ የገዛ ጠበቃችን ነው፤ ፋይሉን እያገላበጠ ለእኛ የሚበጀውን ያወጣል፣ የማይበጀውን ያስቀራል። የዕለት ማስታወሻ ግን ምስክር ነው፤ ያየውን በዕለቱ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟልና ኋላ ቢለምኑትም አይለውጥም። የማስታወሻ ደብተር ጥቅም ሁሉ፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

ትዝታ ምን ያህል ጠበቃ እንደሆነ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች አየር ላይ ጋየች። በማግስቱ የሥነ ልቡና ሊቁ ኧልሪክ ናይሰር በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ ወሬውን የት ሆነው፣ ከማን፣ ምን እየሠሩ ሳለ እንደሰሙት በእጃቸው አስጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ከእነሱ መካከል 44ቱ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቁ። ሩብ ያህሉ የሰጡት መልስ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች በአንዱም እንኳ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም። ብዙዎቹ ግን ትክክል ስለመሆናቸው እርግጠኞች ነበሩ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ የገዛ ጽሕፈታቸው ሲቀርብላቸው የእጃቸው ጽሑፍ መሆኑን ሳይክዱ አሁን ከሚያስታውሱት ንቅንቅ አንልም ያሉ ነበሩ። አንባቢም ራሱን መፈተን ይችላል። ደርግ በወደቀ ዕለት፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት የት እንደነበረ ያስታውስና፣ አብሮት የነበረውን ሰው ለብቻ ይጠይቅ።

ታዲያ ምስክር ማቆየት ለምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ ራስን በሐቅ ለመዳኘት። ሁለት ወዳጆች የዕቁብ ብራቸውን አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ እንበል። ሱቁ በዓመቱ ቢዘጋ ሁለቱም «እኔ ድሮም አላማረኝም ነበር» ይላሉ፤ ቢያተርፍ ሁለቱም «እኔ ነኝ ያልኩት» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ በውሳኔው ማግስት «ቦታው መንገድ ዳር ነው፤ ኪራዩ ግን ያስፈራኛል፤ የገባሁት እሱን አምኜ ነው» ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይማራል። የሳተው ገበያውን ይሁን ወይስ ሰውየውን፣ ወይስ ሳይስት ዕድል የከዳው መሆኑን ያውቃል። ሳይጻፍ የቀረ ውሳኔ በውጤቱ ብቻ ይመዘናል፤ የተጻፈ ውሳኔ ግን በምክንያቱ ይመዘናል። ከስሕተት መማር የሚቻለው በሁለተኛው ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በንዴት ላይ ይታያል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ በስጨት ብሎ ቤቱ ገባ። ደብተሩን ከፍቶ፣ «ዛሬ አለቃዬ በሰው ፊት አዋረደኝ» ብሎ ጻፈ። ለወዳጁ ቢያወራው ኖሮ ነገሩ እዚሁ ላይ ባበቃ ነበር፤ ወዳጁ «እሱ ድሮም ባለጌ ነው» ብሎ ያጽናናዋል። ደብተር ግን አያጽናናም። ስለዚህ ይቀጥላል፦ ምን አለኝ? «ሪፖርቱ እስካሁን አልደረሰኝም» አለኝ። ማን ነበረ? ጸሐፊዋና አንድ እንግዳ። ሪፖርቱ ዘግይቶ ነበር ወይ? አዎ፣ ሁለት ቀን። ታዲያ ምኑ ነው ያቃጠለኝ? እዚህ ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ይቆማል። ቆይቶ፣ «እንግዳው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ከእኔ በልጦ አየሁት» የሚል መስመር ይወጣል። አለቃው ጥፋተኛ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ንዴቱ ግን ባለቤቱን አገኘ፤ ሰውየው በማግስቱ ቢሮ ሲገባ የሚጣላው ሰው የለም።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ለጤናም ሊበጅ እንደሚችል የጠቆመው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሳንድራ ቢል ጋር ባወጣው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ከፊሎቹ በሕይወታቸው እጅግ ስለከበዳቸው ነገር፣ ሌሎቹ ስለ ተራ ጉዳይ ጻፉ። ስለከበዳቸው ነገር የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት በተከታዮቹ ስድስት ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። ይሁንና ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ስሜታቸው መክፋቱም ተመዝግቧል፤ እፎይታው ውሎ አድሮ የመጣ ነው። በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ደግሞ ጥቅሙ በአማካይ ሲታይ አነስተኛ፣ ከሰው ሰውም የሚለያይ መሆኑን አሳይተዋል። ደብተር መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ አለመግዛት ነው።

ከፔኔቤከር ሥራዎች ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ማን እንደተጠቀመ የሚያሳየው ክፍል ነው። ከቀን ወደ ቀን ምክንያት የሚፈልጉ፣ «የሆነው በዚህ ነው»፣ «አሁን ገባኝ» ወደሚል አነጋገር እየተሻገሩ የሄዱት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ያንኑ ቁስል በየዕለቱ በዚያው ቃል መነካካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሐዘንን ማስታመም ሳይሆን ማሳደግ ይሆናል። ስለዚህ ደብተሩ ሦስት ወር ሙሉ አንድ እሮሮ ብቻ የሚደግም ከሆነ፣ ምስክሩ የሚናገረው ነገር አለ ማለት ነው፦ ይህ ጉዳይ ከወረቀት አልፏልና ሰው ይፈልጋል፣ ሐኪምም ይሁን የንስሐ አባት ወይም ታላቅ እህት።

ሦስተኛው ጥቅም የሚታየው ገጹ ሲበዛ ነው። የአንድ ቀን ማስታወሻ ተራ ነው፤ የአንድ ዓመት ማስታወሻ ግን ልማድን ያጋልጣል። በቤታችን ጭቅጭቅ የሚነሣው በወር መጨረሻ፣ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት መሆኑን፣ ራስ ምታቱ እንቅልፍ ባጣንበት ማግስት መምጣቱን፣ «ሁልጊዜ እደውልላታለሁ» የምንላት እናታችን ዘንድ የደወልነው በዓመት ስንቴ እንደሆነ ደብተሩ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረን እንጣላዋለን። ከራሳችን እጅ ሲመጣ ግን የምንጣላው ሰው የለም።

ሰው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ይህ ምስክር ያስፈልገዋል። እንዲያውም ከፍ ባለ ቁጥር ደፍሮ እውነቱን የሚነግረው ስለሚያንስ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት፣ ከፊሉን በዳኑብ ወንዝ አካባቢ በዘመቻ ላይ ሳለ በግሪክኛ የጻፈው ማስታወሻ ለራሱ የተጻፈ ነው። የዓለም ገዥ የነበረው ሰው በማለዳ ከአልጋ መነሣት እየከበደው ራሱን ሲገሥጽ እናገኘዋለን። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የለንደን ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1660 እስከ 1669 በየዕለቱ ሲጽፍ ቅናቱን፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን፣ ያመነዘረበትን ሳይቀር አስፍሯል፤ ሰው እንዳያነበው በአጭር ጽሕፈት ነበር የሚጽፈው። በ1666 ለንደን ስትቃጠል ወይኑንና የፓርሜዛን አይቡን ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበሩን የጻፈው እሱ ነው። በእርጅናው የሚጽፍ ሰው ቢሆን ኖሮ አይቡን ትቶ ጀግንነቱን በጻፈ ነበር። ያቆመውም ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ስለፈራ እንጂ ሰልችቶት አይደለም።

ከእኛው ወገን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ አገር አደጉ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ ሕክምና ተማሩ። ጎልማሳ ሆነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው ከዘመዶቻቸው ጋር የተገናኙት። ኋላ የጨርጨር አገረ ገዥ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። የልጅነታቸው ነገር በሌሎች እጅ የወደቀባቸው እኒህ ሰው የጉልምስና ዘመናቸውን ውሎ በእንግሊዝኛ ሲመዘግቡ ኖሩ። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ጋሬትሰን የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፍ ዋና መሠረቱ ያ ማስታወሻ ነበር። ወራሹም ጸሐፊውም ከአንድ ደብተር እንደሚጠቀሙ ይህ ያሳያል።

አያያዙ ቀላል ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል፤ የይለፍ ቃል ያለው ስልክም ያገለግላል። ቀኑ ይጻፍ። ከስሜት በፊት የሆነው ይቅደም፦ ማን ምን አለ፣ ምን ወጣ፣ ምን ገባ። የተነገረ ቃል ሳይተረጎም እንደተነገረ ይስፈር። ትልቅ ውሳኔ ሲወሰን ምክንያቱ በዚያው ዕለት ይጻፍ። ቀን ቢዘለል ተስፋ አይቆረጥ፤ ምስክር የሚታመነው ባየው ነገር ነው እንጂ ሁሉንም ባለማየቱ አይነቀፍም። እንቅልፍ የሚያሳጣ ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ ለነገ የቀረውን ሥራ ዘርዝሮ ይተኛ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 57 ወጣቶች የተካፈሉበት አነስተኛ ጥናት የነገን ሥራ ዘርዝረው የተኙት ያከናወኑትን ከዘረዘሩት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል።

ገመናን መጠበቅም አይከለከልም። ደብተሩ ይቆለፍበት፤ ከባለቤቱ በኋላ ይነበብ ወይም ይቃጠል የሚል ቃል በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር። በቤት ውስጥ የሌላውን ደብተር ከፍቶ ማንበብም እንደ ነውር ይቆጠር። የልጅን ማስታወሻ ደብቆ የሚያነብ ወላጅ ያን ልጅ ሁለተኛ እውነቱን እንዳይጽፍ ያደርገዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ለዓመት ያህል ይሞክሩት። ዛሬ ማታ ቀኑን ጽፈው የሆነውን እንደሆነ ያስፍሩ፤ ለማሳመርም ለማስከፋትም አይጣሩ። በዓመቱ ወደ ኋላ ገልጠው ሲያነቡ ደስ የማይል ነገር ማግኘትዎ አይቀርም። ያን ጊዜ ደብተሩን አይቅደዱት፤ ሥራውን መሥራት የጀመረው ገና ያን ዕለት ነውና።