ሥራ ያጣ ሰው ምን አጣ?

እሑድ ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ሰላምታ ስንለዋወጥ ወጣቶቻችንን አስቀድመን የምንጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሥራ አገኘህ ወይ?»፣ «ሥራ ያዝሽ ወይ?» እንላለን። ጠያቂው ክፉ አላሰበም፤ መቆርቆሩን መግለጹ ነው። ተጠያቂው ግን ያንኑ መልስ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ይሰጣል፤ በሰጠ ቁጥርም አንገቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቁምስናችን የማውቀው አንድ ወጣት ነው። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመርቆ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከመዘምራን መካከል ድምፁ ተለይቶ የሚታወቅ ነበር። በመጀመሪያ ከመጨረሻው ቡራኬ በፊት ሹልክ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ የመዘምራኑን ስፍራ ትቶ ከበሩ አጠገብ መቆም አዘወተረ፤ በመጨረሻም ጨርሶ ቀረ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው «ምነው ጠፋህ?» ብለው፣ «ሥራ ሳገኝ እመጣለሁ» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ ከልቤ አልወጣ አለ። ይህ ልጅ እምነቱን አልካደም፤ ነገር ግን ሥራ የሌለው ሰው በሰው ፊት ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊትም ለመቆም አንዳች ነገር ይጎድለዋል ብሎ አምኗል። ይህን ማን አስተማረው? ሥራ ያጣ ሰውስ በእርግጥ ያጣው ምንድን ነው?

«ሥራ ፈት» እና «ሥራ አጥ»

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ሁለት ቃላት ሰጥቶናል። «ሥራ ፈት» የምንለው ሥራን በገዛ ፈቃዱ የፈታውን፣ ሊይዘው ሲችል የለቀቀውን ሰው ነው። «ሥራ አጥ» ግን እየፈለገ ያጣ ነው። የመጀመሪያው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የችግር። በዕለታዊ ንግግራችን ግን ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን፤ በመደባለቃችንም የሰነፉን ፍርድ በችግረኛው ላይ እንፈርዳለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ስለ ሥራና ስለ መብል የሰጠው ብርቱ ተግሣጽ በሥራ አጦች ላይ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። መልእክቱን አስተውሎ ያነበበ ሰው ግን ሐዋርያው የሚገሥጸው ለመሥራት ፈቃድ የሌለውን እንጂ ሥራ ያላገኘውን እንዳልሆነ ይረዳል። እንግዲህ የሐዋርያውን ቃል በወንድማችን ላይ ከማንሣታችን በፊት የትኛው ሰው በፊታችን እንደ ቆመ መለየት ይገባናል።

ሚዛናችንም ቢሆን የአሁኑ ዘመን ሚዛን አይደለም። ብዙዎቻችን በተማርንበት ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት ያገኘ ሰው ጥቂት ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ተመራቂውን መንግሥት ራሱ በሥራ ይመድበው ነበር። ስለዚህ በወላጆች አእምሮ ዲፕሎማ ማለት ደመወዝ ማለት ሆኖ ቀረ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን ሁሉ ያለፈው ወጣት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር ይጠብቀዋል፤ ሥራ ካልያዘ ልምድ የለውም፤ ልምድ ከሌለው ደግሞ ሥራ አይሰጠውም። በዚህ ክበብ ውስጥ የሚዞረውን ልጅ «አንተ ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ ጥፋቱን ካለበት ቦታ አንሥቶ በእርሱ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምረው ከዚህ የተለየ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የሊዮ 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» 90ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሴርቸንስ» የተባለውን ስለ ሰው ሥራ የሚናገር ዓዋዲ መልእክት አውጥተዋል። በዚህም ሥራ ማጣት በማንኛውም መልኩ ክፉ ነገር መሆኑን፣ መጠኑም ሲበዛ ለኅብረተሰብ እውነተኛ መቅሠፍት እንደሚሆን ያስረዳሉ፤ በተለይም ተምረውና ተዘጋጅተው ሥራ ያላገኙትን ወጣቶች ሥቃይ ለይተው ያነሣሉ። ሥቃዩን ያቃለለ ስብከት እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ስብከት አይደለም።

ከሥራው በፊት ሰውየው

ይኸው መልእክት ሌላ መሠረታዊ ነገር ያስተምራል። ሥራ የተሠራው ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሥራ አልተሠራም። የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሚሠራው ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ሥራ ያጣ ሰው ደመወዙን፣ ችሎታውን የሚያሳይበትን መድረክ፣ ቤተሰቡን የሚረዳበትን አቅም ያጣል፤ ይህም ቀላል ኪሳራ አይደለም። የክብሩን ምንጭ ግን አላጣም፤ ምንጩ እርሱ ራሱ ነውና።

ወደ ወንጌል ስንመለስ ይህ ይበልጥ ይገለጽልናል። ጌታችን በዮርዳኖስ በተጠመቀ ጊዜ አብ በልጁ ደስ እንደሚለው ከሰማይ መሰከረ። ያን ጊዜ ጌታችን ገና አንድ ስብከት በአደባባይ አልሰበከም፤ አንድ ድውይም አልፈወሰም። ሰው ያወቀው በናዝሬት አናጢነቱ ብቻ ነበር። የአብ ደስታ ከሥራው ፍጻሜ በኋላ እንደ ደመወዝ የተከፈለ ሳይሆን ከሥራው መጀመሪያ በፊት የተሰጠ ነው። እኛም በጥምቀት ስማችንን የተቀበልነው አንዳች ሠርተን ከማሳየታችን በፊት ነው። ያ ወጣት «ሥራ ሳገኝ እመጣለሁ» ሲል ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

በአደባባይ የቆሙት

ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 20 የጻፈውን የወይን አትክልት ባለቤት ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን። ባለቤቱ ማለዳ ወጣ፤ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ወጣ። ሰዓቱ እንደ እኛ አቆጣጠር ከንጋት የሚቆጠር ነውና ያ የመጨረሻው ሰዓት ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። በከተሞቻችን አደባባይ ሌሊት ተነሥተው አካፋና ዶማ ይዘው ቀጣሪ የሚጠባበቁትን የቀን ሠራተኞች ያየ ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት ሊቅ አያስፈልገውም። የተፈለጉት ተወስደዋል፤ የቀሩት ቆመዋል።

ከምሳሌው ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች በአሥራ አንድ ሰዓትም ወደ ቤታቸው አልገቡም ነበር። መቀጠር በእጃቸው አልነበረም፤ መቆም ግን በእጃቸው ነበር፤ በእጃቸው ያለውን ፈጸሙ። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ለምን ቆማችሁ ብሎ ጠይቋል፤ የቀጠራቸው እንደሌለ ሲነግሩት ግን አመናቸው፤ ሰበብ ነው ብሎ አልመረመራቸውም። ሦስተኛ፣ በምሳሌው ውስጥ የተወቀሱት በአደባባይ የዋሉት ሳይሆኑ ማለዳ ተቀጥረው በሌላው ደመወዝ የቀኑት ናቸው። ጌታችን ነቀፋውን ያዞረው ሥራ ወዳገኙት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ትዕግሥትን መስበክ ደመወዝ ላለው ሰው ቀላል ነው፤ ቁራሽ የሌለው ቤት ግን በትዕግሥት አይጠግብም» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ባለቤቱም የአንድ ሰዓት ሠራተኞችን ትዕግሥታቸውን አመስግኖ አላሰናበታቸውም፤ የሙሉ ቀን ደመወዝ የሆነውን አንድ ዲናር ሰጣቸው። ቀኑን በአደባባይ የዋለ ሰው ልጆች እንደ ሌሎቹ ልጆች እኩል ይርባቸዋልና።

ለሚፈልጉ

ሥራ ለምትፈልጉ ልጆቻችን እንግዲህ ጥቂት እንበል። ቀናችሁን በእጃችሁ ባለው ነገር መዝኑት። የቀጣሪው መልስ በእጃችሁ አይደለም፤ ማመልከቻውን በጥንቃቄ መጻፍ፣ በሰዓቱ መድረስ፣ የጎደለውን ሙያ መማር ግን በእጃችሁ ነው። ማታ ስትተኙ «ዛሬ ተቀጠርሁ ወይ?» ብላችሁ ሳይሆን «ዛሬ የሚገባኝን አደረግሁ ወይ?» ብላችሁ ኅሊናችሁን መርምሩ። አድርጋችሁ ከሆነ በሰላም ተኙ።

አበው «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያሉት ለመሥራት ያህል ብቻ የሚሠራን ሰው ሲያፌዙበት ነው። ጭንቀት ሲበረታ እኛም እንዲሁ እንሆናለን፤ ሳናነብ ሃያ ቦታ እናመለክታለን፤ ሃያው ዝም ሲለን ሃያ ጊዜ እንደ ተናቅን እንቆጥራለን። ታስቦበት የተጻፈ አንድ ማመልከቻ ይሻላል። ለፍለጋው በቀን የተወሰነ ሰዓት ስጡት፤ የቀረውን ለጸሎት፣ ለቤተሰብ፣ ለንባብና በእጅ ለሚገኝ ማናቸውም ቅን ሥራ አውሉት። የተማረው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን ሲሰፋ ሐዋርያነቱ አልቀነሰም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በመከራ ቀን በር የሚያንኳኳውን ፈተና ተጠንቀቁ። የሐሰት ማስረጃ፣ ለቅጥር የሚከፈል ጉቦ፣ በሕገ ወጥ ደላላ እጅ የሚደረግ ስደት ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፤ ያለ ሥራ ዋጋ የለህምና ሥራን በማንኛውም ዋጋ ግዛ ይላሉ። ዋጋው ከጥምቀት ጀምሮ የታወቀለት ሰው ግን ይህን ውል አይፈርምም።

በሥራ ላይ ላለን

ከሁሉ የሚከብደው ድርሻ የእኛ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄያችንን እንለውጥ። «ሥራ አገኘህ ወይ?» ከማለት «እንዴት ሰነበትህ? በምን ልርዳህ?» ማለት ይሻላል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ስለ ሥራ ክብር ስታስተምሩ በፊታችሁ ከተቀመጡት መካከል ሥራ ያጣ አባት፣ ሥራ ያጣች እናት ያላቸው ሕፃናት እንዳሉ አስታውሱ።

ቀጥሎ የዘመድ ነገር አለ። ሥራ ለማግኘት የምናውቀውን ሰው መጠየቅ ኃጢአት ነውን? ሁለት ነገሮችን እንለይ። ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን መንገር፣ ስለምናውቀው ሰው እውነተኛ ምስክርነት መስጠት፣ ማመልከቻውን አይቶ ማረም የወንድማማች ፍቅር ነው። በውድድር የሚገባውን ሰው ቦታ በስውር ነጥቆ ለራስ ወገን መስጠት ግን ስርቆት ነው፤ የተሰረቀውም የሌላ እናት ልጅ እንጀራ ነው። የመጀመሪያውን ለሁሉ እናድርገው፤ ማስታወቂያውን በኪሳችን ከመያዝ በቁምስናው ሰሌዳ ላይ እንለጥፈው።

ሥራ የሌላቸውንም ጊዜ አላቸው ብለን የቁምስናውን ድካም ሁሉ ያለ ክፍያ አንጫንባቸው። ክፍያ የሚገባውን እንክፈላቸው፤ በፈቃዳቸው የሚሰጡትን በምስጋና እንቀበል።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን እንዲከበር ደንግገዋል። በዚያ ቀን ስለ ሠራተኞች ስንጸልይ ቀጣሪ ያጡትንም ከሠራተኞች ጋር ቆጥረን እንጸልይላቸው፤ እነርሱም በአደባባዩ የቆሙ ሠራተኞች ናቸውና።

ያ ወጣት እስከ ዛሬ ሥራ አላገኘም። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሣሁበትም። የመዘምራኑ ልምምድ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት መሆኑን፣ የእርሱም ስፍራ እስካሁን ባዶ እንደሆነ ብቻ ነገርሁት። እንደሚመጣ አልነገረኝም። ቢመጣ ግን በደጃፉ ላይ ማንም ያንን ጥያቄ እንዳይጠይቀው አደራ እላለሁ።