መተዋወቅ መተሳሰር ነውን?

የሰው ልጅ ሥራን ተካፍሎ መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አብሮት የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የሙያ ባልደረባዬ የምለው ማንን ነው?» የሚለው ነው። በቀደመው ዘመን መልሱ ብዙ አያስቸግርም ነበር። የሸማኔ ባልደረባ አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚሸምነው ሸማኔ ነው፤ የመምህር ባልደረባ በአንድ ግቢ ውስጥ ጠመኔ የሚጨብጠው መምህር ነው፤ የሠዓሊ ባልደረባ ቀለም ሲያልቅበት የሚያበድረው ሠዓሊ ነው። ባልደረባነት ከጉርብትና ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ይህ ሁኔታ ተለውጧል። «ሊንክድኢን» የተባለው የባለሙያዎች መገናኛ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በአገራችን እጅግ የተስፋፋው «ቴሌግራም» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የአዲስ አበባው ተርጓሚ፣ የባሕር ዳሩ ሠዓሊና የሐዋሳው መምህር በስምና በሥራ ይተዋወቃሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ አንድ እንግዳ ሁኔታ ተፈጥሯል። በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ተርጓሚዎች ለዓመታት ቃል ሲጠያየቁና ረቂቅ ሲተራረሙ ይቆዩና፣ በአንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይወርዳሉ። ስለዚህም በየከተማው «በመስመር የተዋወቅን ባለሙያዎች በአካል እንገናኝ፤ በምንኖርበት አካባቢም የሙያ ትስስር እንፍጠር» የሚል ጥሪ መሰማት ጀምሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥሪውን ከሥነ ምግባር አንጻር መመርመር ነው። በአካል መገናኘት ለትውውቁ የሚጨምርለት ምንድን ነው? የሚፈጠረውስ ትስስር ለማን ነው?

አስቀድሞ ሁለቱን ቃላት መለየት ያሻል። መተዋወቅ የሌላውን ስም፣ ሙያና ሥራ ማወቅ ነው። መተሳሰር ግን ከዚህ ይልቃል። የተሳሰሩ ሰዎች አንዳቸው ለሌላው ተጠያቂ ናቸው፤ የአንዱ ችግር ለሌላው ወሬ ብቻ ሆኖ አያልፍም፣ እዳ ይሆንበታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ዘወትር እንጠቅሳለን፤ ሆኖም ኃይሉን ያስቀመጠው «ቢያብር» በምትለው ቃል ላይ መሆኑን ልብ አንለውም። ድሩ በብዛት መኖሩ ብቻውን አንበሳ አያስርም። ሺህ ስም በስልክ ውስጥ መያዝም እንደዚሁ የተከማቸ ድር እንጂ የተገመደ ገመድ አይደለም። የመጠን መብዛት በራሱ የዓይነት ለውጥ የሚያመጣው ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉለት ነው።

ይህን ስንል የሩቁን ትውውቅ ማቃለላችን አይደለም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በቦስተን ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በኒውተን የሚኖሩና በሰው አማካይነት አዲስ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ስለ ሥራው ከነገራቸው ሰው ጋር ምን ያህል ይገናኙ እንደነበር ከመለሱት 54 ሰዎች መካከል ዘወትር እንገናኝ ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ብቻ ይገናኙ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛው የምናውቀውን ነው፤ አዲስ ነገር የሚመጣው ከእኛ ክበብ ውጪ ከሚውለው ሰው ነው። ስለዚህ የሩቅ ትውውቅ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ከጥናቱ አንድ ሌላ ነጥብም ይገኛል። ከእነዚህ ወሬ አምጪዎች ብዙዎቹ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች ወይም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ። ክሩ ቢቀጥንም የተፈተለው ፊት ለፊት ነበር ማለት ነው።

የቃልና የአካል ግንኙነት እንዴት እንደሚደጋገፉ ከራሳችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚያስረዳ ምሳሌ አለን። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝን በመጀመሪያ የተማረው ከመጻሕፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ ሲደርስ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት መካከል ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ከተለያዩ በኋላ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። ነገር ግን ደብዳቤው ብቻውን አላረካቸውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው፣ የመስፍኑ የኤርነስት መቀመጫ ወደ ነበረችው ወደ ጎታ ሄዱ። በዚያም ለወራት ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ልማድና ቋንቋ አስረዱት። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የኢትዮጵያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1698 አሳተመ። መምህሩ ካረፉ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመንም ከማን እንደተማረ አልደበቀም።

እዚህ ላይ ጽሕፈት ያደረገውንና መገናኘት ያደረገውን ለይቶ ማየት ይገባል። ጽሕፈት ትውውቁን በባሕርና በተራራ አሻግሮ አቆይቶታል። አንዱን ለሌላው ባለአደራ ያደረገው ግን አብሮ መቀመጥ ነው። ከመጽሐፍ የሚገኘው ቃሉ ነው፤ ከሰው ግን ቃሉ ከነአነጋገሩ፣ ከነአገባቡና ከነሕይወቱ ይገኛል። አደራም የሚቀበሉት ከሰው እጅ ነው።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የደረሱት ሁለት ሁኔታዎች ለጉዳያችን ትምህርት ይሰጣሉ። በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን መታየቱ ታወቀ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ተሰብስቦ መገናኘትን በእጅጉ ገደበ። መምህሩ ለተማሪው፣ ሐኪሙ ለሐኪሙ፣ ደራሲውም ለአራሚው በስልክና በኢንተርኔት ካልሆነ በቀር የሚደርስበት መንገድ ጠበበ። በዚያ ጊዜ «መስመሩ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?» ያላለ ባለሙያ ጥቂት ነው። ብዙም ሳይቆይ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ደግሞ በቅጽል ስምና በትንሽ ፎቶግራፍ ብቻ የሚታወቅ ባልደረባ ሁሉ ከመስመሩ ጋር ጠፋ። ሊፈለግና ሊጠየቅ የቻለው ስልክ ቁጥሩ የተጻፈ፣ ሰፈሩ የታወቀ፣ ደጁ የተረገጠ ሰው ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ የተገኙት እነዚህ ሁለት ትምህርቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ የሚሞላሉ ናቸው። የመጀመሪያው በአካል መገናኘት በማይቻልበት ጊዜ ሩቁን የሚያቀርብ መንገድ ማስፈለጉን አሳየ። ሁለተኛው ያ መንገድ በሌላ እጅ መሆኑን፣ በአንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችልም አሳየ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለው ለዚህ ነው። አባባሉ ዘመድን አይንቅም፤ ሌሊት ቤት ሲቃጠል ባልዲ ይዞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ።

እንግዲህ በአካል መገናኘት የሚጨምረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ዋጋ ያስከፍላል። በመስመር የሚላክ የደስታ መግለጫ አንዲት ጣት ያንቀሳቅሳል፤ ባልደረባን ለመጠየቅ መሄድ ግን ግማሽ ቀን፣ የትራንስፖርት ገንዘብና የራስን ሥራ መተው ይጠይቃል። ኅብረተሰባችን ይህን ጥንት ተረድቶታል። በእድር አባልነት ወርኃዊ መዋጮን ከፍሎ መቅረት ብቻ አይበቃም፤ ቀብር ያልወጣ አባል በብዙ እድሮች ዘንድ ይቀጣል። ለሐዘንተኛው ድንኳኑ ብቻ ሳይሆን ከድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ሰው እንደሚያስፈልገው የእድሩ መሥራቾች ያውቁ ነበር። በደቦም ቢሆን ገንዘብ ልኮ መቅረት የተለመደ አይደለም፤ ጉልበት ይዞ መገኘት ነው።

ሁለተኛም መገናኘት ሰውን ከነሁኔታው ያሳያል። በመስመር ላይ እያንዳንዱ የሚያቀርበው የተመረጠውንና የተጠናቀቀውን ሥራውን ነው። የሠዓሊውን ስቱዲዮ ያየ ሰው ግን የተሰረዘውን ሸራና የጎደለውን ቀለም ያያል፤ የመምህሩን ክፍል ያየ ሰው በአንድ መጽሐፍ ላይ ያጎነበሱትን ሦስት ተማሪዎች ያያል። ያላዩትን ችግር መርዳት ያስቸግራል። ሦስተኛም መገናኘት ጊዜ ይሰጣል። የቡና ሥርዓታችን አቦል፣ ቶናና በረካ ያለው በከንቱ አይደለም። በአቦል የሚወራው ደህንነትና ወሬ ነው፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ በበረካ ላይ ይመጣል። አቦልን ቀምሶ የሚነሣ እንግዳ ትውውቁን ይዞ ይሄዳል እንጂ የልብ ቃል አይሰማም።

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ጉዳዩ በዚህ አያበቃም፤ ዋናው የሥነ ምግባር ፈተና የሚመጣው ከተገናኙ በኋላ ነውና። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎታል፤ በጥቅም ላይ፣ በደስታ ላይና በመልካምነት ላይ የተመሠረተ ብሎ። በጥቅም ላይ የቆመው ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅም አስረድቷል። የባለሙያዎች ትስስር በአብዛኛው የሚጀምረው በጥቅም ነው፤ ይህም አያሳፍርም። ሥራ የሚፈልግ ሰው ሥራ ያለበትን መጠየቁ ተገቢ ነው። አሳፋሪው ትስስሩ እዚያው ላይ የቀረ እንደሆነ ነው።

እንደዚያ የሆነ ጊዜ ትስስሩ ወደ ተቃራኒው ይለወጣል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ 20 ባለሙያዎች በየወሩ ይገናኛሉ እንበል። ክፍት የሥራ ቦታ ሲገኝ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት በመካከላቸው ይወራል፤ የትርጉም ሥራ ሲመጣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ የሥዕል ትርኢት ሲዘጋጅ ተጋባዦቹ የታወቁ ናቸው። ከመካከላቸው ማንም ሕግ አልጣሰም፤ እያንዳንዱም ባልደረባውን የረዳ ይመስለዋል። ሆኖም ከክበቡ ውጪ ላለው ሰው ይህ ክበብ በር የሌለው ግንብ ነው። ከወረዳ ከተማ የመጣው ወጣት፣ ማታ ልጆቿን ትታ መውጣት የማትችለው እናት፣ ዘመናዊ ስልክ ለመግዛት አቅም ያነሰው መምህር ችሎታቸው ሳይመዘን ይቀራሉ። «በትውውቅ ነው የሚሠራው» የሚለው የሕዝብ ምሬት የሚወለደው ከእንዲህ ያለው ትስስር ነው። ስለዚህ የአንድን የሙያ ትስስር ጤንነት የምንለካው በውስጡ ያሉት እርስ በርሳቸው በሚዋደዱት መጠን ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ገና ላልመጣው ሰው በሚተወው ወንበርም ጭምር መሆን አለበት።

ከዚህ ተነሥቶ ለተግባር የሚሆኑ አንዳንድ ነጥቦችን ማመልከት ይቻላል። የመገናኛ ቦታው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ የመምህር ኪስ የሚያራቁትበት ሆቴል ከሚሆን፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም የባህል ማዕከል ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱ ቤተሰብ ያላቸውንና በሩቅ ሰፈር የሚኖሩትን ያገናዘበ ይሁን። ማንነቱ በመስመር ብቻ ከሚታወቅ ሰው ጋር የሚደረግ የመጀመሪያ ግንኙነት ብዙ ሰው በሚያየው ቦታ ቢሆን ለሁሉም ደህና ነው። የሚመጣው ሰው የሥራ መዘርዝሩን ብቻ ሳይሆን ያላለቀ ሥራውንና ያልተፈታ ችግሩን ይዞ ይምጣ፤ መማማር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በየስብሰባው አንድ አዲስ ሰው፣ በተለይም በመስመሩ ላይ የሌለ ሰው፣ ይጋበዝ። ስምና ስልክ ቁጥር በወረቀት መዝገብ ይጻፍ። የሚገኘው የሥራ ወሬም ለክበቡ ብቻ ከመንሾካሾክ ለሁሉም በሚታይ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ከሁሉም በላይ ክበቡ ለሚገኝበት አካባቢ የሚያበረክተው ነገር ይኑር። የተርጓሚዎች ክበብ ለአካባቢው ትምህርት ቤት በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ሊሰጥ ይችላል፤ የሠዓሊዎች ክበብ ለወጣቶች ሥዕል ሊያስተምር፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ክበብም የቀበሌውን ቤተ መጻሕፍት መሣሪያ ሊጠግን ይችላል። በአንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን የደከሙ ሰዎች መተሳሰራቸውን የሚያውቁት ስለ ትስስር በመነጋገር አይደለም። ከሥራው በኋላ እጃቸውን በአንድ ማስታጠቢያ ሲታጠቡ ያውቁታል።

በዚህ ረገድ የሕዝብ አደራጆች፣ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አደራጁ አዳራሹን ይክፈት፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ በራሳቸው ፈቃድ የሚመሩትን ስብሰባ በትእዛዝ አያፍነው፤ በግዳጅ የተሰበሰበ ሰው ቁጥር እንጂ ባልደረባ አይሆንምና። መምህሩ በመስመር ያገኘውን እውቀት መስመሩ ላልደረሰው የሥራ ጓደኛው ያካፍል። የኪነ ጥበብ ሰውም በሥራው የዘመኑን ሰው ብቸኝነት ከነእውነቱ ያሳይ፤ ሺህ ወዳጅ ያለው ሰው ሲታመም ማን ደጁን እንደሚያንኳኳ ይጠይቅ።

በርእሱ ላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። መተዋወቅ መተሳሰር አይደለም፤ ወደ መተሳሰር የሚያደርስ መንገድ ግን ነው። መንገዱን ዘመናዊው መሣሪያ አሳጥሮልናል። የቀረችውን ጥቂት እርምጃ፣ ከታክሲው ወርዶ የባልደረባን በር እስከ ማንኳኳት ያለችውን፣ መሣሪያው አይራመድልንም። በሩ ሲከፈትም ለሌላ እንግዳ እንደተከፈተ ይቆይ ዘንድ መጠበቅ የገባው ሁሉ ግዴታ ነው።