የፋኖስ ሠሪው ውለታ

በአንድ መንደር የጋራ ጎተራ ነበር። ጠባቂው የሰው መልክ አያምንም። እህል የሚጠይቅ ሲመጣ ለባለ እህሉ አንዲት ቃል በመልእክተኛ ይልካል፤ ያችን ቃል ይዞ ለተመለሰ ይሰፍርለታል።

መልእክተኛው ከዳገቱ አናት ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል። በመንገዱ ዳር «እኔም ልስማ» ያለ ሁሉ በተራው ይሰማል፤ የላይኛው ቀድሞ፣ የታችኛው ኋላ። ከሰሚዎቹ አንዱ «በቃ፣ እዚህ ይቅር» ካለው ደግሞ መልእክተኛው ወደመጣበት ይመለሳል።

ከዳገቱ ግርጌ አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። አንድ ቀን ፋኖስ ሠሪ መጥቶ ፋኖስ በነፃ ሰጣት።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። የእርስዎ መልእክት በደጄ ሲያልፍ ልስማው።»

ፋኖስንና መልእክትን ምን አገናኛቸው ብላ አልጠየቀችም። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ቤቱን ከዳገቱ አናት ላይ ቀለሰ።

አንድ ምሽት ሎሌውን በስሟ ወደ ጎተራው ላከ። መልእክተኛው ቃሉን ይዞ ወጣ። ፋኖስ ሠሪው ሰማና «እዚህ ይቅር» አለው። ባልቴቷ በፋኖሱ ብርሃን ጥጧን ስትፈትል አመሸች። ያልደረሰ መልእክት አይታይምና ምንም አልጠረጠረችም። ክረምት ሲገባ ስልቻዋን ይዛ ብትሄድ ድርሻዋ ባዶ ነበር።

መንደሩ የአንድሮይድ ስልክ ነው። እስከ 4.3 ባለው ሥሪት፣ አጭር መልእክት ሲገባ ስልኩ ፈቃድ ላላቸው መተግበሪያዎች በየተራ ያሰማ ነበር። በኮዱ ውስጥ ለራሱ ከፍተኛ ቅድሚያ የሰጠ መተግበሪያ ቀድሞ ይሰማል፤ በአንድ መስመር ትእዛዝም መልእክቱን ባለስልኩ ሳያየው ያስቀረዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ አንድሮይድ የገባው ዚትሞ የተባለ ተንኮል አዘል መተግበሪያ የደኅንነት መጠበቂያ መስሎ ይጫንና ባንኮች ለደንበኞቻቸው የሚልኩትን የማረጋገጫ ቁጥር ለሌቦች ያሻግር ነበር።

ባልቴቷን ሞኝ የሚላት ይኖራል፤ እኔ ግን አልላትም። «ፍቀድ» የሚለውን ቁልፍ ሳያነብ ያልነካ እጅ የት አለ?

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው 4.4 መልእክት ማስቀረትን ከለከለ። መስማቱ ግን ፈቃድ ላገኘ ሁሉ እንደተፈቀደ ቆየ፤ ለሌባም ቃሉን መስማት ብቻ ይበቃዋል። ፈቃዱን ራሱን የማይጠይቅ መንገድ በ2017 እ.ኤ.አ. መጣ። ላኪው ከመልእክቱ መጨረሻ 11 ቁምፊዎች ያሉት ምልክት ያኖራል፤ ስልኩም ያንን አንድ መልእክት ብቻ ለባለ ምልክቱ መተግበሪያ ይሰጣል። ባለስልኩ የመልእክት ሳጥኑን በሙሉ ለማንም መክፈት አይጠበቅበትም።

ዛሬ በአገራችንም ገንዘባችን በስልክ ይንቀሳቀሳል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም በዚያው ዳገት ይወርዳል። መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች፣ የፈቃድ ዝርዝራችሁን ዛሬውኑ ክፈቱ። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ የምትጠይቁት ለማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ አውጡት።